በሦስተኛው ሳምንት የሚሰነጠቅ ግድግዳ፦ ጂፕሰም አገጣጠምና የልስን ጥገና በቤት ውስጥ

የኮንዶሚኒየም ሳሎናችንን ለሁለት ከፍዬ ለልጆቹ መኝታ ያወጣሁ ጊዜ ሥራውን በሦስት ቀን ነው የጨረስኩት። ቅዳሜ ፍሬም፣ እሑድ የጂፕሰም ሉህና ስቱኮ (መገጣጠሚያ የሚደፈንበት ቅልቅል)፣ ሰኞ ማታ ቀለም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ "እጅህ ይባረክ" አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከወለል እስከ ኮርኒስ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው ተከተለ። ወር ሳይሞላ ጂፕሰሙ ስንት ሉህ እንደሆነ ከሶፋ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ይቻል ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ቴፕ አላደረግኩም። ስቱኮውንም ሳይደርቅ ቀባሁት። ያንን ግድግዳ ፈትቼ ደግሜ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ የእህቴን ቤትና የአንድ ጓደኛዬን ሱቅ ነካክቻለሁ። ባለሙያ ነኝ አልልም። ግን ለግድግዳ ትልቁ ጠላት ጥድፊያ እንደሆነ በራሴ ብር ተምሬያለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔን ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩት

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። ድፍን ያለ፣ እጅ የሚያሳምም ከሆነ ብሎኬት ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። እንደ ከበሮ ዱብ ዱብ ካለ ጂፕሰም ወይም ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ በብዛት የገባው አግሮስቶን የሚባለው የግድግዳ ሰሌዳ ነው። የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። ለብሎኬቱ የሚሆን ሲሚንቶ ጂፕሰም ላይ አይዝም። ለጂፕሰም የሚሆን ጄሶም እርጥብ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ተልጦ ይወርዳል።

ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው "ይጠንክር" ብሎ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ በፀሐይ ይሸበሸባል። ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ለጭቃ የሚሻለው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፦ ጭቃና የጤፍ ጭድ አቡክቶ፣ ቀናት አሳድሮ፣ ደጋግሞ ረግጦ፣ በስሱ መምረግ።

ፍሬሙ

ክፍል ለመክፈል ጂፕሰም ከብሎኬት ይቀላል፤ ለሶሌታውም (ፎቆቹን ለሚለየው ኮንክሪት) ሸክም አይሆንበትም። ገበያ ላይ የምታገኙት ሉህ ብዙውን ጊዜ 1.2 ሜትር በ2.4 ሜትር ነው። ለግድግዳ የ12 ሚሊ ሜትሩን ግዙ። የ9 ሚሊ ሜትሩ ለኮርኒስ ይሁን። ለሻወርና ለማእድ ቤት አካባቢ እርጥበት የሚችለውን አረንጓዴውን ጠይቁ። አንዱ ሉህ 25 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ደረጃ ላይ ብቻችሁን አትሸከሙት። ማእዘኑ ከተመታ ደግሞ አይድንም።

ወለሉ ላይ መስመሩን በክር አስምሩ። ያንኑ መስመር በቱምቢ ወደ ሶሌታው አውጡት። ቱምቢ ከሌላችሁ ክር ጫፍ ላይ ከበድ ያለ ብሎን አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ ያው ነው። ከዚያ የ"ዩ" ቅርጽ ያለውን ብረት ወለሉም ሶሌታውም ላይ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዘው ፕላስቲክ) እሰሩ። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሶሌታው ውስጥ የመብራት ቱቦ ያልፋል። ከአምፖሉ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በሚሄደው አቅጣጫ አትብሱ፤ ስትበሱም ቆጣሪውን አጥፉ። ሁለተኛ፣ ሶሌታው በብሎኬት የተሞላ ዓይነት ከሆነ ድሪሉ በድንገት ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። እዚያ ፊሸር አይዝም። ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ኮንክሪቱን ፈልጉ።

ቋሚዎቹ የ"ሲ" ቅርጽ ያላቸው ናቸው። ከከፍታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥራችሁ ቁረጧቸው። ጠብቆ የገባ ቋሚ ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ደግሞ ስቱኮ አይሸፍነውም። በቋሚ መሃል ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሴራሚክ የሚለጠፍበት ከሆነ 40። ለምን 60 እና 40? የሉሁ ስፋት 120 ሴንቲ ሜትር ለሁለቱም እኩል ስለሚካፈል ነው። የሉሁ ጠርዝ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ያርፋል። በዓይን ግምት 50 ወይም 55 ካደረጋችሁ ጠርዙ አየር ላይ ይቀራል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል።

ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስቡ። ቴሌቪዥን የት ይሰቀላል? መደርደሪያስ? የመጋረጃው ብረትስ? በእነዚያ ቦታዎች ከቋሚ ወደ ቋሚ ሞራሌ የሚባለውን እንጨት አግድሙ። ጂፕሰም ብቻውን ፎቶ ይችላል እንጂ ቴሌቪዥን አይችልም። የመብራት መስመሩም በቱቦ ውስጥ አልፎ መገኘት አለበት። ድምፅ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በቋሚዎቹ መሃል ሮክዎል የሚባለውን ፍራሽ መሰል ነገር ሙሉበት። እኔ በስስት ትቼው የልጆቹን ካርቱን በየምሽቱ አብሬያቸው ስሰማ ኖሬያለሁ።

ሉሁን መግጠም

ጂፕሰም በመጋዝ መቁረጥ ድካም ነው። በፊተኛው ወረቀት ላይ ማስመሪያ ይዛችሁ በከተር አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫሩት። ከጀርባ ስትገፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከዚያ የኋላውን ወረቀት ቁረጡ። በቃ።

ሉሁን ከወለል አንድ ሴንቲ ሜትር አንሡት። ሉሁ እስኪታሰር ብቻ ከሥሩ ቁራጭ ጂፕሰም ወይም እንጨት ሸጉጡ። እኛ ቤት ወለል የምናጥበው ውሃ ደፍተን ነው። ወለል የነካ ጂፕሰም ውሃውን እንደ ስፖንጅ ወደ ላይ ይስባል፤ ከዓመት በኋላ ከሥሩ ይፈረፈራል። ክፍተቱን ኋላ ግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል።

ለአንድ ንብርብር የ25 ሚሊ ሜትሩ ጥቁር የጂፕሰም ብሎን ይበቃል። ዙሪያውን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ፣ መሃሉን በየ30 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩ። ከጠርዝ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ራቁ። የብሎኑ ጭንቅላት ከወረቀቱ ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ግን ወረቀቱን አይቅደደው። ጂፕሰሙን የያዘው ወረቀቱ ነው። ከቀደዳችሁት ያ ብሎን የለም ቁጠሩት። አምስት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ሌላ እሰሩ።

ሌላው ትልቁ ስህተት በር ላይ ነው። የሁለት ሉህ መገጣጠሚያ በበሩ ማእዘን ትክክል መውረድ የለበትም። በሩ በተዘጋ ቁጥር ያ ማእዘን ይርገበገባል። ከበሩ በላይ ያለው ሉህ እንደ "ኤል" ተቆርጦ ማእዘኑን ተሻግሮ ይለፍ። ሉህ ይባክናል፣ እውነት ነው። ግን በኋላ ስንጥቅ ከመድፈን ይረክሳል።

መገጣጠሚያው፦ ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው

ጄሶ ምን እንደሆነ ማወቅ እጅ ላይ ለውጥ ያመጣል። ጄሶ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው። በአባይ በረሃ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ገደሉ ላይ የጂፕሰም ንብርብር አለ። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ የታሰረው ውሃ አብዛኛው ይተናል። ቀሪው ዱቄት ጄሶ ነው። ባልዲ ውስጥ ውሃውን ስትመልሱለት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። እጃችሁ ላይ ሲሞቅ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መጠንከር የጀመረ ጄሶ ላይ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ የለም። ለስላሳ ይመስላል እንጂ ሲደርቅ በጣት ይፈረፈራል። ሁለተኛ፣ በአሥር በአሥራ አምስት ደቂቃ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አቡኩ። ሦስተኛ፣ ባልዲውን በየጊዜው እጠቡ። ከበፊቱ የተረፈ የጠነከረ ቁራጭ አዲሱን በጣም ያፋጥነዋል። ስታቦኩም ዱቄቱን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይደለም። ለመጀመሪያው ዙር እንደ ገንፎ ጠበቅ ይበል። ለመጨረሻው ዙር እንደ እርጎ።

በባልዲ ተበጥብጦ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ የሚጠነክረው ውሃው ሲተን ብቻ ነው። ጊዜ ስለሚሰጣችሁ ለጀማሪ ይመቻል። ድክመቱ ሲደርቅ መሸብሸቡ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዙር በዱቄቱ፣ የመጨረሻውን በባልዲው እሠራለሁ።

አሁን ቴፑ። ሁለት ዓይነት አለ፤ የወረቀትና የመረብ። የመረቡ ራሱ ስለሚለጠፍ ሁሉም ይወደዋል። ግን በዱቄቱ ዓይነት ነው መሸፈን ያለበት፤ በባልዲው ዓይነት ከሸፈናችሁት ይሰነጠቃል። የወረቀቱ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ከሁሉም የበለጠ ጠንካራ ነው። በተለይ ግድግዳና ግድግዳ በሚገናኙበት ውስጣዊ ማእዘን ላይ መሃሉን አጥፋችሁ የወረቀቱን ተጠቀሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መገጣጠሚያው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያህል ጄሶ ቀቡ። ወረቀቱን ረጠብ አድርጋችሁ በላዩ ዘርጉ። ከመሃል ወደ ጫፍ በስፓቱላ ጫን እያላችሁ ጥረጉት፤ ትርፉ በሁለቱ ጎን ይውጣ። ከሥሩ አረፋ ከቀረ ቆይቶ ይነሣል። ግን ጨርሶ እስኪደርቅም አትጭመቁት፤ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ስትጨርሱ አቁሙ። ሂዱ፣ ቡና አፍሉ፣ ሌላ ሥራ ሥሩ። በበጋ እስከ ነገ፣ በክረምት እስከ ተነገ ወዲያ ጠብቁ። በባልዲ የተሠራው ጠቆር ያለው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ካልሆነ አልደረቀም።

ሁለተኛው ዙር 25 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ሦስተኛው 30 እና ከዚያ በላይ፣ በጣም ስስ። ስፋቱ ለምን? ቴፑ ጉብታ ነው። ጉብታውን ማጥፋት አይቻልም፤ ዓይን እንዳያየው በሰፊው ማንሸራተት ግን ይቻላል። የፋብሪካው ጠርዝ ሰርጎድ ብሎ ስለሚመጣ ቴፑን ይውጠዋል። እናንተ የቆረጣችሁት ጠርዝ ግን ሰርጓዳ የለውም። ስለዚህ በከተር ጠርዙን ሸርፉት፤ ስቱኮውንም የበለጠ አስፉት። የብሎኖቹንም ጭንቅላት እንዲሁ ሦስት ጊዜ። ወደ ውጭ ለሚወጣ ማእዘን የማእዘን ብረት ግጠሙ። እሱን ትቶ በእጅ ማእዘን ማውጣት ለአሮጌ ባለሙያ እንጂ ለእኔና ለእናንተ አይደለም።

በየዙሩ መሃል የወጡትን ጉጦች በስፓቱላ ፋቁ እንጂ በአሸዋ ወረቀት አትድከሙ። በመጨረሻ በ150 ቁጥር ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ጭምብል አድርጉ፤ በሩን በላስቲክ ዝጉ። አቧራው ፍሪጅ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ እመኑኝ። መብራት አጥፉና በሞባይል ባትሪ ግድግዳውን ከጎን አብሩበት። ፊት ለፊት ያልታየው ጉብታና ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይወጣል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ፕራይመር። ወረቀቱና ስቱኮው ቀለም የሚጠጡት እኩል አይደለም። ፕራይመር ካልቀደመ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትቀቡትም መስመሩ በጎን ብርሃን ይታያል።

በር እጀታ የበሳው ጂፕሰም

የሚስማር ቀዳዳ ከሆነ በስቱኮ ድፈኑትና ሲደርቅ አሹት። ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ ግን በስቱኮ አይሞላም፤ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ክቡን ቀዳዳ መጀመሪያ አራት ማእዘን አድርጋችሁ ቁረጡት። ከውስጥ ሽቦ እንደሌለ በባትሪ እዩ። ከቀዳዳው የረዘመ ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ አስገቡና ከኋላ ይዛችሁ ከላይና ከታች በብሎን እሰሩት። ሁለት እንጨት ቢሆን ይሻላል። ልኩን የጠበቀ ቁራጭ ጂፕሰም እንጨቱ ላይ እሰሩ። ከዚያ አራቱንም ጎን እንደ መገጣጠሚያው፦ ቴፕ፣ ሦስት ዙር፣ መጠበቅ። ስትጨርሱ ወለሉ ላይ የበር ማቆሚያ ግጠሙ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ንፋስ ያው ቦታ ይበሳል።

የተሰነጠቀ ልስን

እዚህ ላይ የስቱኮ ባልዲ ይዞ መሮጥ አይበጅም። ስንጥቁ ምን እያለ እንደሆነ ስሙት።

እንደ ፀጉር የቀጠነና እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ከሆነ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ ነው። አያስፈራም። በኮንክሪት ቋሚና በብሎኬት መካከል ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነ ሁለቱ ቁሶች እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ነው። በጣም የተለመደ ነው። ሰያፍ ሆኖ እንደ ደረጃ የሚወጣና ብዕር የሚያስገባ ከሆነ ግን የልስን ጉዳይ አይደለም። መሐንዲስ ይየው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ መረሬው። ቦሌና ቃሊቲ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ካላችሁ ታውቁታላችሁ። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይነሣል ይወርዳል። ስለዚህ ስንጥቁን ሁለት ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉ። ስፋቱንም ለኩ። አንድ በጋና አንድ ክረምት ካያችሁት በኋላ ካልተራመደ ድፈኑት። እየሰፋና እየጠበበ ከሆነ በየዓመቱ ብትደፍኑት በየዓመቱ ይከፈታል። ከቤቱ ዙሪያ የዝናብ ውሃ የሚሄድበትን መንገድ ማስተካከል ከስቱኮ በፊት ይመጣል።

ነጭ ጨው ያወጣ ወይም ቀለሙ የተነፋ ግድግዳ ከሆነ ከኋላው ውሃ አለ። ብዙ ጊዜ የሻወሩ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ሳይጠገን የተለሰነ ግድግዳ ገንዘብ መጣል ነው። ከተጠገነም በኋላ ላስቲክ ቆርጣችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉበት። በሁለት ቀን ውስጥ ከላስቲኩ ሥር ላብ ካዘለ ገና አልደረቀም።

አሁን ጥገናው። ስንጥቁን በስለታም ነገር ከፈት አድርጋችሁ ዙሪያውን አንኳኩ። ባዶ የሚጮኸው ልስን ከብሎኬቱ ተላቅቋል። አዝናችሁም ቢሆን አውርዱት። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ ብሎኬቱን በውሃ አርሱት። ደረቅ ብሎኬት የአዲሱን ልስን ውሃ መጥጦ ይወስድበታል፤ ሲሚንቶውም ሳይጠነክር ይቀራል። ቋሚና ብሎኬት በሚገናኙበት የዶሮ ሽቦ በሁለቱም ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ቸንክሩ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ የተነፋ አሸዋ ይበቃል። ሲሚንቶ ማብዛት ልስኑን አያጠነክረውም፤ ይሰነጥቀዋል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ አትደርቡ። ጎድጎድ ያለ ከሆነ በሁለት ቀን ሙሉት፤ የመጀመሪያው ላይ ሳይደርቅ በሚስማር ጫሩበት።

ቶሎ እንዲይዝ ጄሶ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። አታድርጉት። ጄሶው ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ያብጣል፤ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። አንድ የቀጠርኩት ሰው በደረጃው ግድግዳ ላይ ይህን አድርጎ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ዳቦ ነፍቶ ወርዶብኛል።

ከተለሰነ በኋላ ለሦስትና ለአራት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፉበት። ቀለሙን ለአራት ሳምንት ያህል አቆዩት። አዎ፣ አንድ ወር። እንግዳ ከመጣ ፎቶ ስቀሉበት።

አሜሪካ ላላችሁ

ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ "እኛም ጋ ያው ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሉሁ ያው ነው፤ አራት በስምንት ጫማ። ቋሚው እንጨት ነው፣ ርቀቱም 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ብሎኑም የእንጨት ዓይነት፣ ረዘም ያለ ይሁን። ዋናው ልዩነት የቤቱ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አስቤስቶስ ያለበት የግድግዳ መድፈኛም የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሳያስመረምሩ መፋቅና ማሸት ለልጆች አደገኛ ነው። ኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚስማር ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፤ ዲፖዚታችሁን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ቀለም ላይ አንድ ነገር

የተጠገነውን ቦታ ብቻ ቀብታችሁ ተመሳሳይ እንዲሆን አትጠብቁ። ያው ቁጥር፣ ያው ፋብሪካ ቢሆን እንኳ አሮጌው ቀለም ደብዝዟል። ከማእዘን እስከ ማእዘን ሙሉውን ግድግዳ ቀቡት። የተረፈውን በጠርሙስ ገልብጣችሁ ክዳኑን አጥብቁ። ቁጥሩን፣ ክፍሉንና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። የእኔ ሦስት ጠርሙሶች ከአልጋው ሥር ናቸው፤ አንዱ ላይ መጻፍ ረስቼ እስካሁን የየትኛው ክፍል እንደሆነ አላወቅኩም።